ማንም ያልተቀባው ሽቶ

እኔ ሰው አላሞግስም። ይሄን እኛ ተራ የማያውቅ የለም። "ሙሉነሽ አመሰገነችኝ" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ውሸቱን ነው። አፌም በር የለውም፤ የመጣልኝን እናገርና የማስበው በኋላ ነው። ስለ ሐጀራ ግን ዝም ልበል ብል ሆዴ አይችለውም።

ሱቄና የሐጀራ ሱቅ ጎን ለጎን ናቸው፤ መሃላችን ያለው አንድ ቆርቆሮ ብቻ ነው። መርካቶ፣ ከአንዋር መስጊድ ብዙም ሳይርቅ። እኔ ሳሙና፣ ቅባትና የፀጉር ቀለም እሸጣለሁ። እሷ ሽቶ ትሸጣለች። ሽቶ ስላችሁ በካርቶን ታሽጎ የሚመጣውን እንዳይመስላችሁ። ከዱባይ በጄሪካን የሚገባውን የሽቶ ዘይት በስሪንጅ እየሳበች፣ አንዱን ካንዱ እያዋሃደች፣ ጣት በምታክል ብልቃጥ ሞልታ ነው የምትሸጠው። አልኮል ስለሌለው ሙስሊሞቹ ሳይሰጉ ተቀብተውት ይሰግዳሉ፤ የኛዎቹ ደግሞ ቶሎ ስለማይጠፋ ይወዱታል።

ሐጀራ የስልጤ ልጅ ናት። ሱቅ ከመክፈቷ በፊት አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ አትክልት ተራ አናናስና ማንጎ ሸጣለች። "አፍንጫዬ እዚያ ነው የተማረው" ትላለች። በጠዋት የጭነት መኪናው ሲራገፍ፣ ሌላው ነጋዴ ፍሬውን በጣቱ እየተጫነ ሲመርጥ፣ እሷ ጎንበስ ብላ እያሸተተች "ይሄ የዛሬ፣ ይሄ የነገ፣ ይሄ ያለፈበት" ትል ነበር አሉ። መጀመሪያ ሳቁባት። በኋላ እነዚያው የሳቁት ሰዎች "ሐጀራ፣ እስቲ ይሄንን እዪልኝ" እያሉ ይለማመጧት ጀመር።

ፀሐዩ ከረር ሲል፣ ከጥር እስከ ሚያዝያ፣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው የፍራፍሬ ሽቶ ነው። ከባዶቹ ሽቶዎች፣ ዑዱና ምስኩ፣ በሙቀት ራስ ያዞራሉ። ማንጎ በሉት፣ አናናስ በሉት፣ ፓፓያ በሉት፣ ኮክ በሉት፣ በየሱቁ ሞልቷል። የሌሎቹን ስትቀቡት ግን ከረሜላ ከረሜላ ይላል። የሷን ስትቀቡት ማንጎው ተልጦ ፊታችሁ የቀረበ ይመስላችኋል፤ ምራቃችሁ ይመጣል። ምን እንደምትጨምርበት ሦስት ዓመት ለምኛት ነው አንድ ቀን የነገረችኝ።

"ሙሉዬ" አለችኝ፤ "የበሰለ ፍሬ ስታሸቺ እኮ የምታሸቺው የበሰለውን ብቻ አይደለም። ትንሽ ጥሬ አለበት፣ ትንሽ ደግሞ ያለፈበት አለበት። ያለፈበቱን ካልጨመርሽ ሰው አያምንሽም።"

ከዚያ ከመደርደሪያው ጥግ አንዲት ጥቁር ብልቃጥ አውጥታ አፍንጫዬ ስር አቀረበችልኝ። የበሰበሰ አናናስ! ፊቴን አዞርኩ። "ከዚህች ለአንድ ሊትር አንድ ጠብታ ብቻ" አለችና ከደነችው። ያ ሁሉ ሴት የሚያብድለት ሽቶ ውስጥ ብስባሽ አለ ማለት ነው። እጄን ባፌ ጫንኩ።

ሌላም አመል አለባት። ሽቶ በጥላ አይገዛም ባይ ናት። ደንበኛ ስትመጣ እጇ አንጓ ላይ ጠብ ታደርግላትና "በዪ፣ በፀሐይ አብነት ሰፈር ድረስ ሄደሽ ተመለሽ፤ ቆዳሽ ሲሞቅ ነው ልኩን የሚያወጣው" ትላለች። ገዢ ይባረራል እንዴ? ስንቴ ጮኼባታለሁ መሰላችሁ! እሷ እቴ ምን ገዷት። የሚገርመው ደግሞ ይመለሳሉ። መንገድ ላይ "ምንድነው የተቀባሽው?" ያሏቸውን ሴቶች ሁሉ አስከትለው ይመለሳሉ።

የኮኮናቱን ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። አስመጪው ረዲ አንድ ጊዜ ስድስት ጄሪካን ይዞ መጣ። መንገድ ላይ ዝናብ መትቶት የተለጠፈበት ወረቀት ሁሉ ተልጧል፤ የቱ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ላብ በላብ ሆኗል። ሐጀራ ክዳን እየከፈተች አምስቱን አንድ ባንድ ጠራችለት። ስድስተኛው ላይ ቆመች።

"ይሄንን አላውቀውም" አለች። ደግማ አሸተተችና፣ "ፍሬ ነው። ግን ውስጡ ወተት አለው" አለች።

ሳቅንባት። እኔማ ሆዴን ይዤ ነው የሳቅሁት፤ ወተት ያለው ፍሬ የት አለና! በሁለተኛው ወር ረዲ ከዱባይ ሲመለስ ፀጉራም፣ ድንጋይ የመሰለ ነገር ይዞ መጣ። "ኮኮናት ይሉታል" አለ። ተራው ሁሉ ሱቁን ዘግቶ ተሰበሰበ። ረዲ በመዶሻ ቢመታው፣ ቢመታው፣ በመጨረሻ ለሁለት ተከፈለ። ውስጡ ነጭ ነው። ሲያኝኩት አፍ ውስጥ ወተት ይሆናል። ሴትየዋ በዕድሜዋ አይታው የማታውቀውን ፍሬ ሆዱ ድረስ አሽትታዋለች! ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እኔ አላጨበጨብኩም። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያን ቀን ፈራኋት።

እንግዲህ ዋናው ነገር የሆነው በ1996 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ነው። ልጄ ሀኒ አስራ አምስት ዓመቷ፣ ዘጠነኛ ክፍል ነበረች። አባቷ ብርሃኔ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ቤት ያለነው እኔና እሷ ነን። ከትምህርት ቤት ስትወጣ ወደ ሱቅ ትመጣለች። ወደ ሱቅ ስላችሁ ወደኔ ሳይሆን ወደ ሐጀራ ነው። ብልቃጥ ትደረድርላታለች፣ ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉ። ቅናት ይሁን ምን እንጃ፣ ያንገበግበኝ ነበር።

ዓቢይ ጾም ነው። ሀኒ "ዘንድሮ እንደ ትልቅ ሰው እጾማለሁ" ብላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትቆያለች። ከሳች። ጾሙ ነው አልኩ። ስትፈታ ውሃ ጆግ ሙሉ ገልብጣ ሌላ ትቀዳለች። ሙቀቱ ነው አልኩ። ሽንት ቤት ትመላለሳለች። ያን ሁሉ ውሃ ጠጥታ ታዲያ አልኩ። በኋላማ ጥሙ አላስችል ብሏት በጠዋቱ ውሃ እየጠጣች ጾሟን ታፈርስ ጀመር። "ምነው እቴ፣ ጾመኛዋ!" ብዬ ስቄባታለሁ። 

አንድ ጠዋት ልቀሰቅሳት ወደ ክፍሏ ስገባ አናናስ አናናስ ይሸታል። የሐጀራ አናናስ! ደሜ ፈላ። በጾም፣ ያውም ተማሪ ልጅ፣ ሽቶ ተቀብታ ታድራለች? ወንድ ጀምራለች ማለት ነው፣ አለቀልኝ አልኩ።

"ምንድነው የተቀባሽው?"

"ምንም አልተቀባሁም እማ።"

"ይሸተኛል እኮ! አፍንጫ የለኝም?"

እጇን አሸተትኩ፣ አንገቷን አሸተትኩ፤ ምንም የለም። ታጥባዋለች አልኩ። አያችሁ፣ ለሁሉም ነገር መልስ ነበረኝ።

መርካቶ ስደርስ የራሴን ሱቅ ሳልከፍት በቀጥታ ሐጀራ ላይ ሄድኩ። "ልጄን ሽቶ አታስለምጂብኝ!" አልኳት፣ ገና ቡና እንኳ ሳትቀምስ።

"ወላሂ፣ አንድ ጠብታ አልሰጠኋትም።"

"ታዲያ ከሰማይ ወረደ?"

 የሆነ ነገር እንደምታስብ ሁሉ ወደ መደርደሪያዋ ዞረች። እኔ መዞሯን ጥፋቷን እንዳመነች ቆጠርኩትና አኮረፍኳት። ሀኒንም "እዚያ ደጅ ድርሽ ብትዪ ወዮልሽ፣ ከትምህርት ቤት ስትመጪ እዚሁ ከኔ ጋር ትቀመጫለሽ" አልኳት። ያለ ክርክር እሺ አለችኝ። ሀኒ፣ መልስ ሳትመልስ እሺ የምትል ልጅ አልነበረችም። አቅም አጥታ መሆኑን የት አውቄ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ከቆርቆሮው ማዶ የሚሰማኝ የብልቃጥ ኳኳታ ነው። ሐጀራ የሱቋን ዕቃ እያወረደች ትሰቅላለች። ለመጣው ደንበኛ ሁሉ "አናናስ የለም፣ ዘይቴ ተበላሽቶብኛል፣ ያለፈበት ያለፈበት ይሸተኛል" ትላለች። ያውም በዋናው የበጋ ገበያ! ጄሪካኖቹን በሙሉ ከፍታ አሸተተች። ያችን ጥቁር ብልቃጥ አሽጋ ቤቷ ወሰደቻት። ወለሉን በኦሞ አጠበች፣ እንደገና አጠበች። ረዲ ሊያያት መጥቶ "እኔ ምንም አይሸተኝም" ሲላት፣ "ይመጣል ይሄዳል። ከሰዓት ይመጣል፣ ማታ ይጠፋል" ስትለው ሰምቻለሁ። ሴትየዋን ነካ አደረጋት አልኩ በሆዴ። ኩርፊያ ላይ ስለነበርኩ ትንሽ ደስም ብሎኛል፣ ልደብቃችሁ አልፈልግም።

በአምስተኛው ቀን፣ አስር ሰዓት ገደማ፣ ሐጀራ ከሱቋ ወጥታ የኔ ባንኮኒ ጋ መጣች። ሁለት ደንበኞች ቆመዋል። ሰላምም አላለችኝ። ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ሳሙናዎቹን አለፈች፣ ቅባቱን አለፈች፣ ከውስጥ ካርቶን ላይ ደገፍ ብላ የተቀመጠችው ሀኒ ፊት ደረሰች። ለካ ያን ሁሉ ቀን ሲሸታት የነበረው ከኔ ሱቅ ነው! በቆርቆሮው ሽንቁር አልፎ፣ ያ ሁሉ የሽቶ ዘይት ባለበት ሱቅ ውስጥ፣ ይሄንን ለይታ ነው ስትፈልገው የሰነበተችው።

ጎንበስ ብላ የሀኒን ፀጉር አሸተተች፣ አንጓዋን አሸተተች። ከዚያ "ሀኒዬ፣ እስቲ እፍ በዪ" አለቻት።

ሀኒ እፍ አለች። የሐጀራ ፊት አመድ መሰለ።

"ሙሉነሽ፣ ልጅሽን አሁኑኑ ሐኪም ቤት ውሰጃት" አለችኝ። ሙሉዬ አላለችኝም።

"ምን አልሽ? ልጄ ትሸታለች ነው የምትዪኝ? ሰው ፊት?"

አበድኩ። ስለ አፍንጫዋ፣ ስለ አገሯ፣ ስለ እናቷ ያላልኩት ነገር የለም። ዛሬ ልድገመው ብል አፌ አይታዘዘኝም። ደንበኞቹ ሸሹ፤ ተራው ተሰበሰበ።  ጩኸቴ ሲያልቅ ሐጀራ ሁለት እጄን ያዘችኝ።

"ወንድም ነበረኝ" አለችኝ። "ሙናዊር ይባላል። እኔ አስራ አምስት፣ እሱ አስር ዓመቱ ነበር። ከሳ። ውሃ፣ ውሃ ይላል። አፉ ደግሞ ዘይቱን ዘይቱን ይሸታል፣ በጣም የበሰለ የዘይቱን ፍሬ። አባታችን የጎረቤት ዘይቱን ሰርቆ በልቷል ብሎ ገረፈው። 'ወላሂ አልበላሁም' ይላል። ማን ይመነው? እኔም አላመንኩትም፤ አፉ እየሸተተ! በሦስተኛው ቀን እንደዚህች ልጅ እየተነፈሰ ሞተ። አተነፋፈሷን እዪው ሙሉነሽ። በአላህ ይሁንብሽ፣ እዪው።"

አየሁት። ሀኒ ተቀምጣ፣ እንደ ሮጠ ሰው፣ አፏን ከፍታ በረጅሙ እየሳበች ትተነፍሳለች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነችው? አጠገቤ እኮ ነበረች! 

ያነሳቻት ሐጀራ ናት። ሱቋን ክፍት ጥላ፣ ሀኒን ታቅፋ፣ ከጋሪና ከተሸካሚ ጋር እየተጋፋች እስከ መኪናው መንገድ ወጣች። እኔ ከኋላ እያለቀስኩ እከተላለሁ። ላዳ ታክሲ ኮንትራት ያዝን። መኪናው ውስጥ ሀኒ ሁለት ጊዜ አስመለሳት፤ ከዚያ ስጠራት መልስ መስጠት አቆመች። ሆስፒታል ስንደርስ ካርድ ማውጫው ጋ ሰልፉ ረጅም ነበር። ያቺ ድምጿን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሐጀራ "ይቺ ልጅ እየሞተች ነው!" ብላ ስትጮህ ሰልፉ ለሁለት ተከፈለ። ሀኒን በተሽከርካሪ አልጋ ወሰዷት። ዘበኛው "አንድ አስታማሚ ብቻ" ብሎ ሐጀራን በር ላይ አስቀራት።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ደም ወሰዱ፣ ግሉኮስ የመሰለ ነገር ሰቀሉ፣ ወዲያ ወዲህ ተሯሯጡ። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ማርያምን እለምናለሁ። መሸት ሲል ሐኪሟ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ስኳር በሽታ ነው" አለችኝ። "ስኳሩ በደሟ ሞልቶ ሰውነቷ ሊጠቀምበት አልቻለም። ስለዚህ ሰውነቷ የራሱን ስብ እያቃጠለ ነው የሰነበተው። ያ ነው ደሟን የመረዘው፣ ትንፋሿንም እንደ ፍራፍሬ የሚያሸተው እሱ ነው። ነገ ጠዋት ብትመጡ ኖሮ አናገኛትም ነበር። ማን ነው አምጪያት ያለሽ?"

"ጎረቤቴ። ሽቶ ሻጭ ናት። ሸቷት ነው።"

"አፏን ቀርባ?"

"ኋላ ነው የቀረበችው። መጀመሪያ በቆርቆሮ ማዶ ነው የሸተታት።"

ሐኪሟ የያዘችውን ወረቀት ጭኗ ላይ አስቀመጠችና አየችኝ። "አንዳንድ ሰው ይሄ ሽታ ጭራሽ አይሸተውም" አለች። "እኔ ራሴ አይሸተኝም። በምርመራ ነው የማውቀው።" ከዚያ ስለ መድኃኒቱ ነገረችኝ። ኢንሱሊን ይባላል፤ ሀኒ በየቀኑ እየተወጋች ትኖራለች፣ ትማራለች፣ ትወልዳለች። ፊቴን አይታ "አትፍሪ፣ ገና የሚሞከር ነገር አይደለም። አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ያለ መድኃኒት ነው" አለችኝ።

ሀኒ በማግስቱ ዓይኗን ገለጠች። የመጀመሪያ ቃሏ "ራበኝ" ነው። ነርሷ እስክትቆጣኝ ድረስ እልል አልኩ። ስምንት ቀን ተኝታ ወጣች። የንስሐ አባታችን ጾሙን ፈቱላት፤ ብርሃኔም ከጅቡቲ መንገድ በቀጥታ ሆስፒታል ደርሶ ነበርና ቤት የወሰድናት አብረን ነው።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ሐጀራ ጋ ሄድኩ። የምለውን ሌሊቱን ሙሉ ሳጠና ነው ያደርኩት። ሱቋን ገና መክፈቷ ነው። እግሯ ላይ ስወድቅ ያጠናሁት ሁሉ ጠፋኝ፤ "አፌን፣ አፌን ይቁረጠው" ብቻ እላለሁ። ብብቴን ይዛ አነሳችኝና በርጩማ ሳበችልኝ። ስለ ስድቡ አንድም አላነሳችም።

"በላች?" አለችኝ።

"በላች። ትስቃለች።"

"አልሐምዱሊላህ።" ቀጥላም፣ "በሽታው ስም አለው?" አለች።

"ስኳር ይሉታል።"

"ስኳር" አለች። ደግማ "ስኳር" አለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስሙን ሳታውቀው ነው የኖረችው። "ታዲያ የአፉ ሽታስ?"

"በሽታው ነው የሚያሸተው። ምንም ሳይበሉ ነው።"

እጇን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። "እንግዲያው ሙናዊር አልበላም ነበር" አለች። "አልበላሁም ሲለን እውነቱን ነበር።"

በርጩማዬን ወደሷ አስጠጋሁ።  ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኖቿ ሞልተዋል።

"መድኃኒቱ አዲስ ነው አይደል ሙሉዬ?" አለችኝ። "ያኔ አልነበረም፣ አይደል? አባቴ ተሸክሞ ከተማ ቢያመጣው ኖሮም አይድንም ነበር፣ አይደል?"

አባቷ አሁንም በሕይወት አለ፤ ዓይኑ ጠፍቶ ስልጤ አገር ልጆቹ ጋ ይኖራል። በየወሩ ብር የምትልክለት እሷ ናት። ይሄንን አውቃለሁ።

"አዲስ ነው" አልኳት። "ትናንት የመጣ ነው። ያኔ የትም ብትወስዱት አታድኑትም ነበር።"

ትክ ብላ አየችኝ። ያን ሁሉ የሚለይ አፍንጫ ይሄም ይሸተው ይሆን ብዬ ፈራሁ። ዓይኔን አልሰበርኩም። ከዚያ ሻሿን ፊቷ ላይ ሳበችና ትከሻዬ ላይ ተደግፋ አለቀሰች። አቅፌያት፣ ተራው ሱቁን እየከፈተ፣ ጸጥ እስክትል ድረስ ተቀመጥኩ።